ከቀረሮው በታች

«ከቀረሮው በታች ወርዳ ታውቃለች?» አለ ከፈለኝ፣ ጆሮውን ከባዝራዋ ጎን ሳያነሣ።

ከፈለኝ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። ከሸኮ ከተማ በሞተር ሳይክል ጭቃውን እየሰነጠቀ የመጣው ለቦራ ሲል ነበር። ቦራ እንግዳ በፈረስ የሚያንሸራሽረው ተረፈ ካሉት አራት ፈረሶች አንዷ ናት፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት፣ ሕፃን ቢጫንባት እንኳ የማትደነብር ገራም ባዝራ። ሆዷ ውስጥ የሰባት ወር ጽንስ አለ። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ግን እየበላች ትከሳለች። ዐይኗ ያለቅሳል፣ ስትራመድ የኋላ እግሯ ይወላገዳል።

«የእኔ ፈረሶች?» አለ ተረፈ፣ እንደ መሳቅም እንደ መቆጣትም ብሎ። «ከፈለኝ፣ አንተ እኮ ታውቀኛለህ። ከማሻ ደጋ ካመጣኋቸው ስድስት ዓመታቸው ነው። አንድም ቀን ከቀረሮው ዛፍ በታች ወርደው አያውቁም። የቆላ ዝንብ ምን እንደሚሠራ ጠፍቶኝ ነው? ይኸው አሞጽ አለ፣ ጠይቀው።»

አሞጽ የተረፈ ጎረቤት ነው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ገመድ ይዞ ከፈረሶቹ ፊት ፊት የሚሄደው እሱ ነው። ዐይኑን ከመሬት አላነሣም።

«እኔ ይዣት አልወረድሁም» አለ ቀስ ብሎ።

የቦራን ገመድ የያዘችው ንጋቷ ነበረች። ንጋቷ የተረፈ ልጅ ናት፤ ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ዘጠነኛ ክፍል።

ከፈለኝ ቀና ብሎ እጁን በሱሪው ጠረገ። «ወርዳ ቢሆን ኖሮ የቆላ ዝንብ የሚያመጣው ገንዲ ነው ብዬ ዛሬውኑ እወጋት ነበር። ግን መርፌው ኃይለኛ ነው። እርጉዝ ባዝራ ያለ ምክንያት አትወጋም። ካልወረደች የሆድ ትል ይሆናል፤ የትሉን መድኃኒት እንስጣትና እንያት። ሰው ብትሆን ራሷ ትነግረኝ ነበር። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እሷ ምስኪን ግን መሸሸግም አትችል፣ መናገርም አትችል።» ሦስቱንም ተራ በተራ አያቸው። «ሌላ የምትነግሩኝ ነገር አለ?»

ንጋቷ አፏን ከፈተች።

«ምን አልሽ?» አለ አባቷ።

«ምንም» አለች፤ ሳል አስመሰለችው። «ትንኝ ገባብኝ።»

ከፈለኝ የትሉን መድኃኒት በጠርሙስ አጠጥቷት ሄደ። ንጋቷ ገመዱን እንደያዘች ቀረች። ያን ጊዜ የዋጠቻት አንዲት ዓረፍተ ነገር ሆዷ ውስጥ ቀረች።

የሆነው እንዲህ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሚዛን እንግዶች ይመጣሉ። የባንክ ሠራተኞች፣ አስተማሪዎች፣ አንዳንዴም በዕድሜያቸው አህያ ላይ እንኳ ወጥተው የማያውቁ ሰዎች። ተረፈ ለሁሉም የሚላቸው አንድ ነው፦ «ፈረሱ መንገዱን ያውቀዋል። እናንተ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ።» ዝም የሚል ግን የለም። ገና እግራቸው ከመሬት ሲነሣ «እግዚኦ!» የሚለው ድምፅ ሰፈሩን ይሞላዋል፤ የሰፈሩ ሕፃናትም ይህን ሊሰሙ አጥር ላይ ይሰቀላሉ። ከዚያ በጫካ ቡናው መሐል፣ በሐረግ ሥር እያጎነበሱ፣ የጉሬዛ ጩኸት እየሰሙ አንድ ሰዓት ያህል ይሄዱና ኩሬው ዘንድ ይደርሳሉ። ይዋኛሉ፣ ሙዝ ይበላሉ፣ ይመለሳሉ።

ከኩሬው ትንሽ አለፍ ብሎ አራት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው ትልቅ የቀረሮ ዛፍ አለ። ከዛፉ በታች መንገዱ ቁልቁል ወደ ሙቀቱ ይወርዳል። የቆላ ዝንብ የሚጀምረው እዚያ ነው። የደጋ ፈረስ ደግሞ የቆላ ዝንብ አይችልም። ስለዚህ በተረፈ ቤት ከአሥርቱ ትእዛዛት ቀጥሎ አንድ ትእዛዝ ነበር፦ ከቀረሮው በታች ፈረስ አይወርድም።

ከፈለኝ ከመምጣቱ አንድ ወር ያህል በፊት፣ አንድ ቅዳሜ፣ ተረፈ ሸዋ ቤንች ለቅሶ ሄዶ ነበር። የመጡት እንግዶች የንጋቷ የክፍል ልጆች ናቸው፤ ሔለን፣ ፍሬአብና አንዲት የሔለን ጓደኛ። ሔለን የአስተማሪ ልጅ ናት። ክፍል ውስጥ እሷ የሣቀችበት ቀልድ ቀልድ ነው፤ ያልሣቀችበት ወሬ ሆኖ ይቀራል። ንጋቷን ሁለት ዓመት ሙሉ «የፈረሷ ልጅ» ከማለት በቀር በስሟ ጠርታት አታውቅም። ያን ሳምንት ግን ከወንበሯ ተነሥታ መጥታ «ንጋቷ፣ ቅዳሜ ውሰጅን እስቲ» አለቻት። ንጋቷ ዝሆን ላይ አውጪኝ ብትላትም እሺ ትል ነበር።

አሞጽ ደግሞ በዚያው ቀን የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ነበረበት። የክት ልብሱን ለብሶ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ይዞ እያመነታ ፈረሶቹን ያያል።

«ጋሽ አሞጽ፣ አንተ ሂድ» አለችው። «የክፍሌ ልጆች ናቸው። እኔ እወስዳቸዋለሁ።»

«ብቻሽን?»

«መንገዱን ፈረሶቹም ያውቁታል።»

አሞጽ ሣቀ። ወዲያው ደግሞ ፊቱ ተለወጠ። «እስከ ኩሬው ብቻ።»

«እስከ ኩሬው ብቻ» አለች ንጋቷ። ያን ጊዜ ከልቧ ነበር።

መንገዱ ደስ ይል ነበር። ፍሬአብ በሁለት እጁ ጋማ ጨብጦ፣ ፈረሱ ባነጠሰ ቁጥር አያቶቹን ሁሉ እየጠራ፣ ሔለንም በቦራ ላይ ሆና እያሾፈችበት ኩሬው ዘንድ ደረሱ። ሌሊት የጣለው ዝናብ ግን ከላይ አፈር ጠርጎ አምጥቶበት ኩሬው ሻይ በወተት መስሏል። ጥልቀቱም ከጉልበት አያልፍም።

«ይሄ ነው ዋና የተባለው?» አለች ሔለን። «እግር መታጠቢያ ነው እኮ! አቦ ንጋቷ፣ ሼም ነው።»

«ታች ሌላ አለ» አለች ንጋቷ።

ቃሉ አምልጧት ወጣ። ከዚያ ወዲህ ይህችን ቀን መልሳ ስታስባት ሁሌም የምትቆመው እዚህ ጋ ነው። ዝም ብትል ኖሮ ሔለን ትንሽ ታኮርፍ ነበር፤ ሰኞ ክፍል ውስጥ ትንሽ ይሣቅባት ነበር። በቃ፣ ይኸው ነው።

«ታዲያ እንሂዳ!»

«ፈረስ አይወርድም። ዝንብ አለ።»

ሦስቱም ተያዩና በሣቅ ፈነዱ። «ዝንብ!» አለች ሔለን። «ፈረስ ዝንብ ይፈራል እንዴ? እኛ ቤትም እኮ ዝንብ አለ!»

ንጋቷም አብራ ሣቀች። ከሁሉ ይልቅ የሚቆጫት ይህ ሣቅ ነው። ፈረሶቹን ቀረሮው ሥር አስረው በእግር መውረድ ይችሉ ነበር፤ ይህንንም አሰበችው። ግን ሔለን ያደረገችው አዲስ ነጭ ጫማ ነበር፣ መንገዱም ጭቃ ነው። «ለትንሽ ጊዜ ብቻ» ብላ ቦራን ቁልቁል መራቻት።

የታችኛው ኩሬ ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ያምር ነበር። ከድንጋይ ላይ የሚወርድ ፏፏቴ አለው፤ ውኃው ጥርት ብሎ የጠጠሩ ቀለም ይታያል፤ ለብ ይላል፤ እስከ አገጭ ይደርሳል። ንጋቷ ከድንጋዩ ላይ ዘላ ገባች። ሔለን ዋና አታውቅም ነበርና ንጋቷ ከሆዷ ሥር ደግፋ ይዛ አስተማረቻት። «ለካ አንቺ ነፍስ ነሽ! ጀለሴ!» አለቻት ሔለን ውኃ እየተፋች። በዚያች ሰዓት ከንጋቷ በላይ ደስተኛ ሰው ሸኮ ውስጥ አልነበረም ብትሉ አትሳሳቱም።

ፈረሶቹ ጥላ ሥር ታስረዋል። ቦራ መሬቱን በኮቴዋ ትደበድባለች፣ ጭራዋን ታወናጭፋለች፣ ቆዳዋ ይንዘፈዘፋል። ንጋቷ ከውኃው ወጥታ አየቻት። ዝንቦቹ ግራጫ ናቸው፤ ሲያርፉ ክንፋቸውን እንደ መቀስ አንዱን ባንዱ ላይ ያደርጋሉ። በቦራ ሆድ ላይ ሰባት ስምንት ቆጠረች። ቅርንጫፍ ቆርጣ ታባርርላት ጀመር።

«ንጋቷ! ነይ ቪዲዮ እንሥራ!» አለች ሔለን።

ቅርንጫፉን መሬት ላይ ጣለችና ሄደች።

ማታ አሞጽ «እንዴት ነበር?» ሲላት «ጥሩ ነበር፤ ኩሬው ደፍርሶ ነበር» አለችው። አንድም የውሸት ቃል አልነበረበትም፤ ለዚህም ነው ያን ሌሊት ሰላማዊ እንቅልፍ የተኛችው።

ከፈለኝ መጥቶ ከሄደ በኋላ ግን እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ። ንጋቷ በየጠዋቱ «ዛሬ እነግረዋለሁ» ትላለች። ጠዋት አባቷ ሥራ ይቸኩላል። ከሰዓት እሷ ታጠናለች። ማታ አባቷ ከቦራ ጎን ቆሞ ገብስ በእፍኙ ሊያበላት ሲለምናት ታየዋለች፤ አሁን ብነግረው ይህን ፊት ምን ላደርገው ነው ትላለች። ደግሞም ምናልባት ትል ሊሆን ይችላል። ምናልባት መድኃኒቱ ይሠራል። ቦራ ከዳነች መናገር ለምን ያስፈልጋል? እንዲህ እያለች ዐሥራ አራት ቀን አሳለፈች፤ በእያንዳንዱም ቀን መናገሩ ከትናንቱ እየከበደ ሄደ።

አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ለሔለን ነገረቻት። ሔለን ደነገጠች።

«በእኛ ምክንያት?»

«በእኔ ምክንያት።»

ሔለን ስልኳን አወጣችና ያን የኩሬውን ቪዲዮ የንጋቷ ዐይን እያየ አጠፋችው። «በቃ፣ አሁን ማንም አያውቅም። አትጨናነቂ፣ እሺ?» ክፉ አስባ አልነበረም። ጓደኛዋን መርዳቷ ነው። ንጋቷም አመሰገነቻት።

በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት፣ የሒሳብ ፈተና ቀን፣ አባቷን ጋጣው ደጃፍ ቁጢጥ ብሎ አገኘችው። ከፊቱ በኮባ ቅጠል የተሸፈነ ነገር አለ። ከቅጠሉ ጫፍ አንዲት ትንሽ፣ እርጥብ ኮቴ ወጥታ ትታያለች። ቦራ ከበስተኋላ ቆማለች፤ አንገቷ እስከ መሬት ወርዷል።

ያ ውርንጭላ ሲወለድ የንጋቷ ነው ብሏት ነበር አባቷ። ስም እንኳ መርጣለታለች። ለማንም አልተናገረችም፤ ከእንግዲህም አትናገርም።

አሞጽ ገመዱን በትከሻው ጣል አድርጎ እንደ ወትሮው መጣ። ተረፈ ተነሣ።

«ምን አደረግሃት?»

«ተረፈ…»

«ጋልበሃታል? ወይስ ቡና ጭነህባታል? ንገረኝ!»

«አልጋለብኋትም። አልጫንኩባትም።»

«ታዲያ ምን ነካት? እኔ አላወረድኋት፣ አልመታኋት! ከእኔ ሌላ የምትነካት አንተ ነህ!» የተረፈ ድምፅ ተሰበረ። «ገመዴን አስቀምጥ። ከዛሬ ጀምሮ ፈረሶቼን እንዳትነካ።»

አሞጽ ገመዱን ከትከሻው አወረደ። በጥንቃቄ ጠቀለለው፣ አጥሩ ላይ ሰቀለው፣ ሄደ። ንጋቷን ዞር ብሎ አላያትም። ቢያያት ይሻላት ነበር።

ፈተናው ላይ ስሟን ጻፈች። የቀረውን ወረቀት እንዴት እንደሞላችው አታስታውስም። እንደወጣች ወደ ቤት አልሄደችም፤ ወደ አሞጽ ቤት ሄደች።

አሞጽ ጓሮው ውስጥ ጎደሬ ይኮተኩታል። ቆማ ጥቂት አየችው።

«ጋሽ አሞጽ። ያን ቅዳሜ እኔ…»

«አውቃለሁ» አለ፣ መኮትኮቱን ሳያቋርጥ።

«ምኑን?»

«በማግሥቱ ቀፎዬን ለማየት ወደ ታች ወርጄ ነበር። ዱካውን አየሁት። አራት ፈረስ ወርዶ አራት ፈረስ ወጥቷል።»

ንጋቷ ጎደሬው መሐል ተቀመጠች። «ለምን አልነገርከውም?»

አሞጽ በመቆፈሪያው ተደገፈ። ፊቱ ከወትሮው ያረጀ መሰላት። «ራስሽ እንድትነግሪው ብዬ ነዋ። ልጅ አላሳጣም ብዬ። ዛሬ ትነግረዋለች፣ ነገ ትነግረዋለች እያልሁ። ከፈለኝ የመጣ ዕለት አፍሽን ስትከፍቺ ‘ተመስገን ጌታዬ’ ብዬ ነበር። ትንኝ ገባብኝ አልሽ።» ራሱን ነቀነቀ። «የእኔ ጥፋት ካንቺ ይብሳል። እኔ ትልቅ ሰው ነኝ። አንቺን ሳድን እንስሳዋን ጎዳኋት።»

ንጋቷ አለቀሰች። አሞጽ አላባበላትም፤ እስክትጨርስ ጠበቃት።

«እንግዲህ የሆነው ሆኗል» አለ በመጨረሻ። «ውርንጭላው ላይመለስ ሄዷል። አባትሽም ሲበርድለት ይጠራኛል፤ አውቀዋለሁ። ካልቻልሽ ይቅር። ሆድ ይፍጀው።»

ንጋቷ ቀና ብላ አየችው። የምሩን ነው። ይቅር ተብላለች፤ ሊያውም በተባረረው ሰው አፍ። ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። ቤቷ ሄዳ እራቷን በልታ መተኛት ትችላለች።

«ቦራስ?» አለች።

አሞጽ መቆፈሪያውን መልሶ አነሣ፤ ግን አልቆፈረም።

«ቦራማ» አለ፣ «መርፌውን ካላገኘች…»

ንጋቷ እንዲጨርሰው ሳትጠብቅ ወደ ቤት ሮጠች።

ስትደርስ አባቷ በባልዲ ውኃ ይዞ የቦራን አፍ በእጁ ያርሳል። ቦራ አትጠጣም። ውኃው በአገጯ እየፈሰሰ የአባቷን እጅጌ አርሶታል። ፊቱን አላዞረም።

«ፈተናው እንዴት ነበር?» አለ።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ ያወረድኋት።»

«ምኑን?»

«ቦራን። ከቀረሮው በታች። አንተ ለቅሶ የሄድክ ቅዳሜ። ጋሽ አሞጽ አልነበረም፤ ጉባኤው ሂድ ያልሁት እኔ ነኝ። እስከ ኩሬው ብቻ ብዬው ነበር። የታችኛው ኩሬ ወሰድኋቸው። ዝንቦቹን አይቻቸዋለሁ።» አሞጽ ዱካውን ማየቱን አልጨመረችም። ያን ራሱ ይንገረው ብላ ተወችው።

ተረፈ ባልዲውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ። ይጮህብኛል፣ ይመታኛል ብላ ዐይኗን ጨፍና ነበር። ምንም አልመጣም። ስትገልጥ አባቷ ቦራን ሳይሆን ከበስተኋላዋ የታሰሩትን ሦስቱን ፈረሶች እያየ ነው።

«አራቱም ወርደው ነበር?»

«አራቱም።»

«ስንት ቀን ሆነ?»

«አርባ አምስት።» ቆም ማለት አላስፈለጋትም። በየቀኑ ስትቆጥር ነው የኖረችው።

«ከፈለኝ እዚህ ቆሞ ሲጠይቅ…» ብሎ ጀመረና ተወው። ጉንጩን በእርጥቡ እጅጌው ጠረገ። የውኃው ይሁን የሌላ ንጋቷ አላወቀችም፤ አውቃለሁ ለማለትም አልደፈረችም። ስልኩን ከኪሱ አወጣና ደወለ። መጥራት ሲጀምር ግን ጆሮው ላይ አላደረገውም። ዘረጋላት።

«አንቺ ንገሪው» አለ።

«ሃሎ? ተረፈ?» ይላል ስልኩ።

«ጋሽ ከፈለኝ፣ ንጋቷ ነኝ።»

«ማን? አይሰማም!»

እዚያ ሰፈር ኔትወርክ ያለው አጥሩ ጥግ፣ በመንገዱ በኩል ነው። በመንገዱ ላይ ሰዎች ከገበያ ይመለሳሉ፤ ሁለት የክፍሏ ልጆችም አሉበት። ንጋቷ አየቻቸው። ወደ አጥሩ ጥግ ሄደች፣ ድምፅዋን ከፍ አደረገች፣ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችው።